የደማስቆ ሰይፍ፣ የሐር ጨርቁና እኛ



ባለፈው ሴሚስተር በጀመዓችን የቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ ምስል ለጠፍን። ጎበጥ ያለ ሰይፍ ነው፤ ብረቱ ላይ እንደ ወንዝ ውሃ የሚጥመለመል መስመር ይታያል። ከሥሩ የጻፍነው እንዲህ የሚል ነበር፦ ይህ የሰላሑዲን አል-አዩቢ የደማስቆ ሰይፍ ነው፤ አየር ላይ የተወረወረ የሐር ጨርቅ ለሁለት ይከፍላል፤ ድንጋይ ይቆርጣል፤ የመስቀል ጦረኞችን ሰይፍ እንደ ሸንኮራ ይሰብር ነበር፤ ውስጡ ናኖ ቴክኖሎጂ አለ፤ ምዕራባውያን ምስጢሩን እስከ ዛሬ ሊደርሱበት አልቻሉም። መጨረሻው ላይ «ማሻአላህ» አልንበት። ከዒሻ በኋላ የለጠፍነው ጽሑፍ ለፈጅር ስንነሳ ሌሎች ግቢዎች ደርሶ ነበር።

በማግሥቱ ሁለት ነገር ሆነ። የማቴሪያል ሳይንስ ኮርስ አብሮን የሚወስድ አንድ ክርስቲያን ልጅ መጣና «ይሄ የት ነው የተጻፈው? አሳይመንቱ ላይ ልጠቅሰው ፈልጌ ነው» አለን። ሊከራከረን ፈልጎ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀን። እኛ ግን መልስ አልነበረንም። ሁለተኛው ከራሳችን ክፍል ነው። አብሮን የሚያድር አንድ ወንድማችን ጽሑፉን አንብቦ ዝም አለ። ምን ይመስልሃል ብለን ስንጎተጉተው «ድንጋይ የመታ ስለት ይሸረፋል» አለና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ለክፍል ጓደኛችን የምንሰጠው ምንጭ ፍለጋ ስንገባ ያገኘነው ነገር ከጠበቅነው የተለየ ሆነ። ያገኘነውን ለእናንተም እናካፍል፤ ምክንያቱም በመሣሪያና በሃይማኖት ዙሪያ በስልካችን ላይ ከሚደረጉት ክርክሮች ብዙዎቹ ልክ እንደ እኛ ጽሑፍ የተሠሩ ናቸው።

ከሐር ጨርቁ እንጀምር። ታሪኩ ሲነገር የሚሰማው እንዲህ ነው፦ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ በከባድ ሰይፉ የብረት ዘንግ ለሁለት ይቆርጣል፤ ሰላሑዲን ደግሞ ፈገግ ብሎ በቀጭን ሰይፉ ሐሩን አየር ላይ ይከፍለዋል። ያማረ ትዕይንት ነው። ግን ሁለቱ ሰዎች በሕይወታቸው ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም። የተነጋገሩት በመልእክተኞች ነበር። ትዕይንቱ የመጣው ዋልተር ስኮት የተባለ የስኮትላንድ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1825 ካሳተመው «ዘ ታሊስማን» ከተባለ ልቦለድ ነው። ሰላሑዲን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1193 ነው። በመሀሉ 632 ዓመት አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ አፈርን። ሰላሑዲን እኮ ምስክር የሌለው ሰው አይደለም። የጦሩ ቃዲ የነበረው በሃኡዲን ኢብን ሸዳድ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከጎኑ ሳይለይ ኖሮ፣ ሲሞትም ቅርብ ሆኖ፣ የሕይወት ታሪኩን ጽፎልናል። አብሮት የሰገደው ቃዲ መጽሐፍ እያለ እኛ የተቀበልነው ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ከመጣ ልቦለድ ጸሐፊ ነው። በልጅነታችን መድረሳ ቁጭ ብለን ስለ ኢስናድ ስንማር ኡስታዛችን ደጋግመው የሚጠይቁት «ከማን ሰማው? እሱስ ከማን ሰማው?» የሚለውን ነበር። ሰንሰለቱ ከተቆረጠ ወሬው ምንም ቢጣፍጥ ተቀባይነት የለውም። ይህን ለሐዲስ የምናደርግ ሰዎች ለሰይፍ ሲሆን ለምን እንደምንተወው ስንጠያየቅ አንዳችን «ስለሚያስደስተን ነዋ!» አለ። የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አያ ወሬ ስናገኝ እንድናጣራ ያዘዘን ጠላት የሚያወራውን ብቻ ለይቶ አይደለም።

የሰይፉ ቅርጽም ሌላ ችግር አለበት። በምስላችን ላይ ያለው ጎባጣ ሰይፍ ከኋለኛው ዘመን ነው። በኢስታንቡል ቶፕካፒ ሙዚየም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና ለሰሓቦች ናቸው እየተባሉ ከሚታዩት ሰይፎች አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። በሰላሑዲን ዘመንም ቀጥ ያለው ሰይፍ ገና በሰፊው በሥራ ላይ ነበር። ጎባጣው ሰይፍ የቱርክ ፈረሰኞች ይዘውት የመጡትና ቀስ በቀስ የተስፋፋ ነው። ፊልም ግን ሙስሊሙን ሁሉ ጎባጣ፣ ክርስቲያኑን ሁሉ ቀጥ ያለ ሰይፍ ያስይዘዋል። ከዚያ እኛ የፊልሙን አልባሳት እንደ ታሪክ እንወርሳለን።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ብረቱ ውሸት አይደለም። እንዲያውም ከለጠፍነው በላይ የሚገርም ነው፤ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ በተለይ።

ዶርማችንን ያቆመው ፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን ከመቶ አንድ አራተኛ ገደማ ነው። የጭነት መኪና ባሌስትራ ወደ 0.6 በመቶ ይደርሳል፤ ለዚህም ነው የአገራችን ቀጥቃጮች ቢላና ገጀራ ለመሥራት ባሌስትራ የሚፈልጉት። የደማስቆ የሚባለው ሰይፍ ብረት ግን ወደ 1.5 በመቶ ካርቦን አለው። ይህን ያህል ካርቦን ያለው ብረት በተለመደው አያያዝ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ይሆናል። የጥንቶቹ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የብረት ቁርጥራጭ ከእንጨትና ከቅጠል ጋር በትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ከዚያ ማሰሮው በከሰል እሳት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ንጹሕ ብረት ለመቅለጥ 1,538 ዲግሪ ይፈልጋል። እንጨቱ ከሰል ሆኖ ካርቦኑን ለብረቱ ሲሰጥ ግን የመቅለጫው ሙቀት ዝቅ ይላል፤ ወደ 1,400 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማሰሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ፈሳሽ ይሆናል። ያ ዘመን በወናፍ ሊደርስበት የሚችለው ሙቀት ነው። ቆሻሻው ተንሳፎ ይለያል። ማሰሮው ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲሰበር በመዳፍ የሚያዝ ድቡልቡል ብረት ይገኛል። ሰይፍ ሠሪው የሚገዛው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። ብረቱ ከመጠን በላይ ከጋለ በመዶሻው ሥር ይፈረካከሳል፣ መስመሩም ይጠፋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሠሪው በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ብቻ፣ ያውም ቴርሞሜትር ሳይኖረው በቀለም እየለየ፣ ደጋግሞ ያግላል፣ ደጋግሞ ይመታል። በእያንዳንዱ ዙር ብረትና ካርቦን ተጣምረው የሚሠሩት ሲመንታይት የተባለው ጠንካራ ቅንጣት በረድፍ በረድፍ ይሰለፋል። መጨረሻ ላይ ሰይፉ በአሲድነት ባለው ውሃ ሲታጠብ ቅንጣቶቹ ነጭ ሆነው፣ ቀሪው ብረት ጠቁሮ፣ ያ የውሃ ሞገድ የሚመስል መስመር ይወጣል። ዐረቦች «ፊሪንድ» ወይም «ጀውሀር» የሚሉት ይህንን ነው።

ምስጢሩ እስከ ዛሬ አልተደረሰበትም የሚለውም ትክክል አይደለም። ጥበቡ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተዳክሞ መጥፋቱ እውነት ነው። የቀጥቃጭ ልጅ የነበረው ማይክል ፋራዴይ ራሱ በኤሌክትሪክ ከመታወቁ በፊት ይህን ብረት ሲመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ጆን ቨርሆቨን የተባሉ የአሜሪካ የብረት ሳይንስ ምሁርና አልፍሬድ ፔንድሬይ የተባሉ ሰይፍ ሠሪ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው አንድ ጥናት አወጡ። መስመሩ እንዲሰለፍ የሚያደርገው በማዕድኑ ውስጥ ያለ እጅግ ጥቂት ቫናዲየምና መሰል ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑም ከ0.01 በመቶ ያነሰ ሊሆን ይችላል። እነሱም ሰይፉን መልሰው ሠርተውታል። ግምታቸው፣ ያንን ማዕድን የሚሰጠው ቦታ ሲያልቅ ሠሪዎቹ እጃቸው ሳይለወጥ መስመሩ እምቢ አላቸው የሚል ነው። ልምዱ ልጅ ሆኖ ከአባቱ የተማረው ሰው አንድ ቀን ሁሉን እንደወትሮው አድርጎ ብረቱ ግን ሳይታዘዘው ሲቀር አስቡት።

የናኖ ነገርም መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የድሬስደን ተመራማሪዎች በአንድ የደማስቆ ሰይፍ ውስጥ የካርቦን ናኖ ቱቦ አየን ብለው «ኔቸር» መጽሔት ላይ አወጡ። የመረመሩት ሰይፍ ግን አሰዱላህ በሚባል ሠሪ ስም የሚታወቅ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ከሰላሑዲን በኋላ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። የተገኘው ነገር ምንነት ላይም ሌሎች ምሁራን ጥርጣሬ አሰምተዋል። ቱቦው በእርግጥ ቢኖር እንኳ ሠሪው ናኖ ቴክኖሎጂ ያውቅ ነበር አያሰኝም። እናቶቻችን እርሾ ውስጥ ያለውን ሕይወት በማይክሮስኮፕ ሳያዩ ነው ሊጡን የሚያቦኩት።

አሁን ወደሚያከራክረው እንምጣ። ይህ ብረት የማን ነው?

በጣም የቆየው ሥራ የሚገኘው በደቡብ ህንድና በስሪ ላንካ ነው። ስሪ ላንካ ውስጥ ሰመናለወዋ በተባለ ቦታ ወናፍ እንኳን አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ምድጃዎቹን ኮረብታ ጫፍ ላይ ወደ ክረምቱ ነፋስ አዙረው ሠርተው ነፋሱ ራሱ እሳቱን እንዲነፋላቸው አድርገዋል። ሠሪዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ዐረቦችም ይህን አልደበቁም። በዐረብኛ ምርጥ ሰይፍ «ሙሀነድ» ይባላል፤ ትርጉሙ «የህንድ ሥራ» ማለት ነው። ዛሬም ልጆቻችንን ሙሀነድ እያልን እንሰይማለን። በሲራ ኪታቦች እንደሚተረከው ካዕብ ኢብን ዙሀይር (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆሞ ቡርዳ ተብላ የምትታወቀውን ቀሲዳ ሲያሰማ የመሰላቸው በዚሁ በሙሀነድ ሰይፍ ነው። «በካፊር አገር የተሠራ ዕቃ እንዴት ይጠቀሳል» ያለ አልነበረም።

የ9ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ አል-ኪንዲ ለኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ስለ ሰይፍ ዓይነቶች አንድ ድርሳን ጽፎለታል። ሰይፎቹን በብረታቸው፣ በመልካቸውና በተሠሩበት አገር ይለያቸዋል። የደማስቆም ተጠቅሷል፤ ቅድሚያ ያገኙት ግን የየመንና የህንድ ናቸው። ኸሊፋው «የእኛን አስበልጥልን» ብሎ እንዳልተቆጣው መገመት ይቻላል፤ ጦር የሚመራ ሰው የሚፈልገው እውነቱን ነው።

ሙስሊሞች ምንም አልጨመሩም ማለት ግን አይደለም። ዛሬ ቱርክሜኒስታን ባለችው በመርቭ ከ9ኛውና ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የሆነ የማሰሮ ብረት መሥሪያ ቦታ ተቆፍሮ ወጥቷል። ከሁሉ በላይ ያስደሰተን ደግሞ የቻሀክ ነገር ነው። አል-ቢሩኒ ስለ ማዕድናት በጻፈው ኪታብ ውስጥ የማሰሮ ብረት አሠራር ሲዘረዝር «ሩሳኽተጅ» የሚባል ነገር ይጠራል፤ ምን እንደሆነ ለረጅም ዘመን ግልጽ አልነበረም። ራሂል አሊፑር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ጥንታዊ ጽሑፎችን ተከትለው ደቡብ ኢራን ውስጥ ወዳለችው ቻሀክ ሄዱ። የተሰባበሩ ማሰሮዎች አገኙ፤ መረመሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የተሠራው ብረት አንድ በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ሩሳኽተጁም የክሮሚየም ማዕድን መሆኑ ነው። ብረት ላይ ክሮሚየም መጨመር የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ግኝት ነው እየተባለ ነበር የሚነገረው። (የማይዝግ ብረት ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትለጥፉ፤ ለዚያ ከአሥር በመቶ በላይ ክሮሚየም ያስፈልጋል።)

ልዩነቱን አያችሁ? የሐሩ ታሪክ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ይፈርሳል። የቻሀኩ ማሰሮ አለው፣ ጽሑፍ አለው፣ ላቦራቶሪ አለው። ክፍል ጓደኛችን አሳይመንቱ ላይ የጠቀሰውም ይህንኑ ነው።

ደማስቆስ? ከተማዋ ሰይፍ ትሠራ፣ ትሸጥም ነበር። የሰይፍ ሥራዋ ክፉኛ የተመታው እ.ኤ.አ. በ1401 ቲሙር ከተማዋን ሲዘርፍ ነው፤ ባለሙያዎቹን ሰብስቦ ወደ ሰመርቀንድ ወሰዳቸው። ቲሙር ሙስሊም ነበር። «ሥልጣኔያችንን መስቀል ጦረኞች አጠፉት» የሚለው ጽሑፍ ውስጥ ይህ አይገባም።

የሌላው ወገን ጽሑፍም ከእኛው አይሻልም። «ሙስሊሞች ሰይፍ የሚያቀዘቅዙት የጋለውን ብረት በባሪያ ሰውነት ውስጥ እየሰኩ ነበር» የሚል ወሬ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይዞራል። ጥንታዊ ምንጭ ተብሎ የሚጠራለት አንድ የቤተ መቅደስ ዜና መዋዕል ነው፤ እሱን ግን አይቶ ያቀረበ የለም። ከብረቱም ጋር አይሄድም፤ ከተመረመሩት ሰይፎች ብዙዎቹ በድንገት ተነክረው የጠነከሩ ሳይሆኑ በቀስታ የቀዘቀዙ ናቸው። ይህን ወሬ ሲያመጡብን በቁጣ የምንጠይቀው «ምንጭህ የታል?» ብለን ነው። ጥያቄው ልክ ነው። በእኛ የሐር ጨርቅ ላይ ስንጠየቅም ያው ልክ ነው።

በመሀላችን የሚነሳው ክርክር ደግሞ ስለ ዙልፊቃር ነው። ባለ ሁለት ምላስ ሆኖ የተሳለውን ምስል መኪና ላይ፣ ቀለበት ላይ፣ የስልክ መነሻ ላይ እናያለን፤ ከዚያም የሱኒና የሺዓ ሙግት ይከተላል። ስሙ የሚናገረው ስለ አከርካሪ ነው፤ በብረቱ ላይ ስለነበረው ጎድጎድ ወይም ስለ ስለቱ ክፍተት ይተረጎማል። ሁለት ምላሱ በኋላ ዘመን በባንዲራዎች ላይ የገነነ ሥዕል ነው። የሚረሳው ግን ሰይፉ ከየት እንደመጣ ነው። ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያገኙት በበድር ቀን ከምርኮ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በቁረይሽ ሙሽሪክ ወገብ ላይ ነው። ከኡሑድ በፊት ባዩት ሕልምም ሰይፋቸው ሲሸረፍ ወይም ሲሰበር አይተዋል፤ በምእመናን ላይ የደረሰው ጉዳት ነበር ትርጉሙ። ከጠላት የመጣ፣ ሊሸረፍም የሚችል ሰይፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ራሳችን ላይ ታዘብን። ጠዋት «እስልምና በሰይፍ ተስፋፋ» ያለ ሰው ሲመጣብን፣ አይደለም፣ በንግድና በምግባር ነው ብለን እስከ ቀትር እንከራከራለን። ማታ ደግሞ የሰይፍ ምስል «ክብራችን» ብለን እንለጥፋለን። የሚያየን ሰው የትኛውን ይመን? በአገራችን እኮ የመጀመሪያው ታሪክ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ የመጡት ሰሓቦች መሣሪያ የያዙ ሳይሆኑ ጥገኝነት የሚጠይቁ ስደተኞች ነበሩ። ሐበሾች በመዲና መስጊድ በዒድ ቀን ጦራቸውን ይዘው ሲጫወቱ፣ ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ ሆና ስታይ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ሲሉ ተዋቸው መባላቸው በቡኻሪና በሙስሊም አለ። የዒድ ሶላት ሲሰገድ ከፊታቸው ሱትራ ሆኖ የሚተከለውም ጦር ነበር። መሣሪያ መጫወቻም፣ የሶላት ወሰንም ሆኖ አገልግሏል።

ጦርነት አልነበረም አንልም። በአማርኛ ከሚደረጉት ክርክሮች ሁሉ መራራው የኢማም አሕመድ ዘመን ነው፤ አንዱ ወገን ኦቶማን ጠመንጃ ሰጠ ይላል፣ ሌላው ፖርቱጋል ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በኢማሙ ወገን የኦቶማን ነፍጠኞች ነበሩ፤ በንጉሡ ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1541 በምጽዋ የወረዱ 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞች። አዛዣቸው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1542 ተገደለ፤ ኢማሙ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ሁለቱም ጠመንጃ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ገበሬው ከሁለቱም አልሠራም፤ ሰብሉ ግን በሁለቱም ተቃጥሏል። ይህን በዶርም ኮሪደር ላይ ስንከራከር የሚያሸንፍ አላየንም፤ የሚኳረፍ ግን አይተናል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ የተነፋፈጉ ልጆች አሉ።

አሁን ወደ ዝምተኛው ወንድማችን።

አባቱ ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻ፣ ማጭድና ቢላ ይሠራሉ። ይህን የነገረን በሦስተኛ ዓመቱ፣ ያም ጽሑፉን ካነሳን በኋላ ነው። ፍሬሽ እያለ የአባቱን ሥራ ስንጠይቀው «ገበሬ ናቸው» ነበር ያለን። ለምን እንደደበቀ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ከየትም እንምጣ ሁላችንም እናውቃለን። በየሰፈራችን ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባላል፤ ልጁን የሚያገባ የለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንድ ነው። በሰይፍ እንኮራለን፣ ሰይፍ ሠሪውን ግን ምንጣፋችን ላይ ሲቀመጥ ፊታችን ይጠቁራል።

ይህ ከዲናችን አልመጣም። ኸባብ ኢብን አል-አረት (ረ.ዐ) ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ናቸው፤ በመካ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ለዓስ ኢብን ዋኢል የሠሩበትን ዋጋ ሊጠይቁ ሲሄዱ ሰውየው በሙሐመድ ካልካድክ አልከፍልህም አላቸው፤ የሱረቱ መርየም ከ77ኛው አያ ጀምሮ ያሉት አያዎች የወረዱትም በዚህ ነው። ኢማም ቡኻሪ ይህን ሐዲስ ያስቀመጡት በንግድ ኪታባቸው ውስጥ ስለ ቀጥቃጭ በከፈቱት ባብ ሥር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም እንዲጠባ የሰጡት ደግሞ የመዲናው ቀጥቃጭ የአቡ ሰይፍ ሚስት ዘንድ ነበር። ሊጠይቁት ሲሄዱ ቤቱ በወናፉ ጢስ ተሞልቶ ነበር። አነስ (ረ.ዐ) ቀድመው ሮጠው አቡ ሰይፍን ቆም በል፣ መልእክተኛው መጥተዋል አሉት። ገብተውም ልጃቸውን አቅፈው ሳሙት። ጢሱ አላስመለሳቸውም።

ለዒድ ሦስታችን ወንድማችንን ተከትለን ቤቱ ሄድን። ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ብቻውን ብረት የሚያግል ይመስላል። አባቱ በዒድ ማግሥት ሥራ ጀመሩ፤ እኛም ተራ በተራ ወናፍ ነፋን፤ ግማሽ ሰዓት አልሞላንም ክንዳችን ዛለ። ባሌስትራውን ከእሳት ሲያወጡት ቀለሙን አይተው «ገና ነው» ብለው መለሱት፤ እንደገና አወጡት፤ «አሁን አለፈ» ብለው ትንሽ ጠበቁ። በክፍል ውስጥ የብረትና የካርቦን ዲያግራም ላይ በማስመሪያ የምንለካውን እሳቸው በዓይናቸው ያነቡታል። ልጃቸው ከጎናቸው ቆሞ መዶሻ ሲያቀብል ከእኛ ጋር ላብ ውስጥ ከሚሆነው በላይ ቀና ብሎ ነበር።

ምሳ ላይ የማሰሮውን ብረት ነገር አጫወትናቸው። ሐሩን አልነገርናቸውም። በጽሞና ሰምተው የጠየቁን አንድ ነገር ነው።

«ማሰሮው ውስጥ ምን ቅጠል ነው የሚከቱት?»

ይህን እንኳ አንብበን ነበር። በደቡብ ህንድ ከሚጨምሩት አንዱ የጦቢያው ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ነው አልናቸው። ከደጃቸው ማዶ ባለው ደረቅ ወንዝ ዳር ሁለት ሦስት እግር ጦቢያው ቆሟል። ወደዚያ አየት አድርገው ሳቁ።

«ወተቱ ዓይን ያጠፋል እኮ! እንዴት አድርገው ቀጠፉት?»